የሲስተር ቪሊሲ ፈረቃ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተር ፕራሚላ የደም ግፊት ልትለካ የአልጋ ዘጠኙን ሰው እጅ አነሳች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። አንሶላው በላብ ርሷል። ምሳው፣ የተቀቀለ ጎደሬና የቆርቆሮ ዓሣ፣ ሳይነካ ኮሞዲኖው ላይ ደርቋል። ሐኪሙ ሮጦ ሲደርስ ገና ቀጭን ትንፋሽ ነበረ። ደሙን ለካ፤ ስኳሩ እጅግ ወርዷል። በደም ሥር ስኳር ሰጠ። አልመለሰውም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የአልጋ ዘጠኙ በሽተኛ፣ መምህር ኔሚያ፣ ሞቱ።

ሊሞቱ የተቃረቡ ሰው አልነበሩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ትምህርት ቤት መርተዋል። ስኳር ነበረባቸው፤ የእግራቸው ቁስል ግን እየደረቀ ነበር፤ ቅዳሜ ወደ መንደራቸው ሊመለሱ ነበር። ሐኪሙ ሸሚዛቸውን ገለጠ። ሆዳቸው ላይ ሁለት የመርፌ ነጥቦች አየ፤ ሁለቱም የዕለቱ ናቸው። በቀን የታዘዘላቸው ኢንሱሊን ግን የቀትሩ አንድ ብቻ ነው። ሐኪሙ ሸሚዙን መልሶ ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር ሙኒሳሚ ከላምባሳ ከተማ በጠጠሩ መንገድ ነድቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዋይሌሌ ደረሰ። ቀጭን፣ አንድ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ነው። ሲጠይቅ ድምፁን አያነሳም፤ ሲመለስለት ደግሞ ወዲያው አይጽፍም።

የዋይሌሌ ሆስፒታል በዚያ ዓመት ስሙ ገንኗል። በጥቂት ነርስ ብዙ ሥራ የሚሠራበት ተብሎ ከዋና ከተማው ተመስግኗል፤ ዓርብ ጠዋት ልዑካን መጥተው አሠራሩን አይተው ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ሊወስዱት ነበር። አሠራሩን ያመጣው አቶ ቪኔሽ የሚባል የሥራ ቅልጥፍና ኃላፊ ነው። ነርስ አይደለም። ቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ አለ። የየነርሷ ስም፣ የያዘችው አልጋ፣ ለአንድ በሽተኛ የፈጀችው ደቂቃ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረችበት ሰዓት በቀለም ተለይቶ ይታያል። አንዱ ክፍል ሥራ ሲበዛበት ቪኔሽ ስልክ ያነሳል፤ ከሌላው ክፍል ነርስ ትሄዳለች።

ሙኒሳሚ የሟቹን የመድኃኒት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ወረቀቱ የቀትሩ ኢንሱሊን በስድስት ሰዓት ከሩብ እንደተሰጠ ይናገራል። በሰጪ ስም ቦታ «ቪሊሲ ቶራ» ተብሎ ተፈርሟል። የአረጋጋጭ ቦታ ባዶ ነው።

ቪኔሽ ስሙን ሲያይ ፊቱ ፈካ። ሲስተር ቪሊሲ ከሆነች ስህተት አይኖርም አለ። ከሆስፒታሉ ሁሉ አንደኛ ነርስ እሷ ናት፤ በሰባት ወር አንድ ቀን አልታመመችም፣ አንድ ቀን አላረፈደችም፣ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። መሳቢያውን ከፍቶ የምስጋና ወረቀት አሳየው። ነገ በልዑካኑ ፊት ሊሰጣት ያዘጋጀው ነው።

«አይተዋት ያውቃሉ?» አለ ሙኒሳሚ።

«ሥራዋን አይቻለሁ» አለ ቪኔሽ።

ሙኒሳሚ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ወንዶች ክፍል ወረደ።

ክፍሉ ሃያ ሁለት አልጋ አለው። የጠዋቱ ነርሶች ፈረቃቸው ቢያልቅም ለፖሊስ ሲሉ ቆይተዋል። ሲስተር ቪሊሲ የት እንዳለች ፕራሚላን ጠየቃት፤ ወጣ ብላለች አለችው። ቆይቶ ሲስተር ሎሳናን ጠየቃት፤ ዛሬ ተራዋ አይደለም አለችው። ከዚያ አልጋ ስምንት አጠገብ ተቀመጠ። እዚያ የተኙት ሲሬሊ የሚባሉ የሸንኮራ አገዳ መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በፋሻ ታሽጓል።

«አባት፣ ሲስተር ቪሊሲን አይተዋታል?»

«ልጄ፣ እኔን ምስክር ካደረግኸኝ ችሎቱን ትዘጋዋለህ» አሉ ሲሬሊ። «ማንንም አላየሁም። ግን ሦስት ሳምንት እዚህ ስተኛ የሁሉንም ድምፅ ለይቻለሁ፤ የሷን ሰምቼ አላውቅም። ኔሚያም እየሳቀ ‹ሳል እንኳ የማታሰማ ነርስ› ይላት ነበር።»

ስለ ቀትሩ ጠየቃቸው። ሲሬሊ አንገታቸውን ወደ ባዶው አልጋ አዞሩ። ምሳ ከመምጣቱ በፊት ሎሳና ኔሚያን ወግታ ሄደች አሉ፤ ሎሳና ስትወጋ ታንጎራጉራለች። ምሳ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው መጣ። ዝም ያለ ሰው። ኔሚያ «ሌላ?» ሲሉ ሲሬሊ ሰሙ። የመለሰላቸው ድምፅ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ ነው፤ ቃሉን አልያዙትም። ከዚያ በሩ አጠገብ ከግድግዳው የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ሁለት ጊዜ።

ሙኒሳሚ ተነስቶ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አየ። የመርፌ መጣያ ሳጥን ተሰቅሏል። አዲስ ነው፤ የተሰቀለበት ቀን የዚያው የሐሙስ ጠዋት ተብሎ ተጽፎበታል። ፕራሚላን ጠራት። ለልዑካኑ ተብሎ የነርሶች አለቃ የሆኑት ማትሮን ያሰቀሉት ነው አለች፤ የክፍሉ ነርሶች የሚጥሉት ጠረጴዛቸው ሥር ባለው ትልቁ ሳጥን ነው፤ ለዚህኛው ማንም ገና እጁን አልዘረጋም። ሙኒሳሚ ሐኪሙን አስመጥቶ ሳጥኑን በፊቱ አስከፈተ። ሁለት የኢንሱሊን መርፌዎች ነበሩበት። ሌላ ምንም የለም። ሳጥኑንና ከሥሩ ያለውን የቆሻሻ ከረጢት አሽጎ ወሰደ፤ በቦታው ሌላ ተመሳሳይ ሳጥን አሰቀለ።

ፕራሚላ ይህን ቆማ አየች። ከዚያ በኋላ ወጣ ብላለች የሚለውን አልደገመችውም።

ቪሊሲ ቶራ ከመጋቢት ጀምሮ ብሪዝበን ናት አለችው። እዚያ የሽማግሌዎች ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። እዚህ ስሟ ሳይሰረዝ ቀረ። በአዲሱ ደንብ አንድ የነርስ ቦታ ሠላሳ ቀን ባዶ ከቆየ ይታጠፋል፤ ያ ክፍል ያን ነርስ ዳግመኛ አያገኝም። ማትሮን «ስሟ ይቆይ፣ ሰው እስካገኝ» አሉ። ሰው አልተገኘም። ስሟ ቆየ። ሦስት ነርስ የሚል ሰንጠረዥ ሥር ሁለት ሰዎች ሃያ ሁለት አልጋ ያዙ።

«ስሟንም ትፈርሙበታላችሁ» አለ ሙኒሳሚ።

ፕራሚላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኢንሱሊን ሁለት ነርስ ይፈልጋል፤ አንዷ ትወጋለች፣ ሌላዋ መድኃኒቱንና መጠኑን አይታ ትፈርማለች። ሁለተኛ ሰው ከሌለስ? በሽተኛው ሳይወጋ አይውልም። እስከ ፈረቃ ርክክብ ድረስ የሁለተኛ ሰው ዓይን ካልተገኘ በአረጋጋጩ ቦታ የቪሊሲን ስም ይጽፋሉ።

«በሰጪው ቦታስ?»

«እሱን አናደርገውም» አለች ፕራሚላ። ድምፅዋ ጠነከረ። «ዓይኗን እንዋሳለን እንጂ እጇን አንዋስም። የወጋ ሰው በገዛ ስሙ ይፈርማል። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይቺን አላበላሸናትም፣ ኢንስፔክተር።»

ሎሳናን ያነጋገራት የልብስ ማጠቢያው ጓሮ፣ ገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች መሃል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አልጋ ዘጠኝ የእሷ ነበር። አልካደችም። በአምስት ሰዓት ከአርባ ወጋኋቸው አለች፤ አልፈረምኩም።

ለምን እንዳልፈረመች ጠየቃት። የክፍሉ ልማድ ነው አለች። ደብቀው የያዙት፣ በየትኛውም ደንብ ያልተጻፈ ልማድ። ብቻዋን የወጋች ነርስ መርፌውን ከብልቃጡ ጋር በወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን ላይ አድርጋ ኮሞዲኖው ላይ ትተዋለች። ሌላዋ ስታልፍ ብልቃጡን አንብባ፣ መርፌውን አይታ ታነሳዋለች። ያኔ ሁለቱም ይፈርማሉ። ክዳኑ እዚያ ካለ ተወግቷል፣ ሁለተኛ ዓይን ግን ይጠብቃል ማለት ነው። በክፍሉ ስምንት ክዳኖች አሉ።

«ለምን ጠብቀሽ አላስፈረምሽም?»

«አቶ ቪኔሽ ደወለ። ማዋለጃ ሂጂ፣ አሁን አለኝ። እትዬ ፕራሚላ መታጠቢያ ቤት ነበረች፤ አልጋ ሃያ ወድቀው እያነሳቻቸው። ክዳኑን ትቼ ሮጥኩ። በሰባት ሰዓት ከማዋለጃ ወደ ወንዶች ክፍል ደወልኩ። ‹አልጋ ዘጠኝ ተወግተዋል፣ ክዳኑን እዪልኝ› አልኩ። ‹እሺ› ተባለ። ስልኩ ተዘጋ።»

«ማን ነው ‹እሺ› ያለሽ?»

«እትዬ ፕራሚላ ናታ። ሌላ ማን አለ?»

ፕራሚላ ግን ስልክ አላነሳሁም ብላለች። ሁለቱ ከዚያን ቀን በፊት ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰላም አልተባባሉም።

የቪኔሽ ሰንጠረዥ ሎሳና እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ ወንዶች ክፍል እንደነበረች ያሳያል። ሐሙስ ማታውኑ የሙኒሳሚ አለቃ ደወለ። በሽተኛው የእሷ፣ ሰንጠረዡ እዚያው ያኖራታል፣ ፊርማው ሁሉም የሚዋሰው የሌለች ሴት ስም፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይዘሃት ና። ሎሳና ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከሥራ ታገደች። ሰው በመግደል ከተከሰሰች ስሟ ከነርሶች መዝገብ ይሰረዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት እስር ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረም።

ማትሮን ሜሬዋሌሲ ሙኒሳሚን ቢሮአቸው ተቀበሉት። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ልብሳቸው ላይ አንድ እጥፋት አይታይም። ዘጠኝ ዓመት በማትሮንነት ሠርተዋል። ስለ ቪሊሲ ሳይጠየቁ ተናገሩ። አዎ፣ ስሟን ያቆየሁት እኔ ነኝ አሉ። ዘንድሮ አሥራ አንድ ነርስ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዶብኛል። የሄዱት ቦታ ሁሉ ቢታጠፍ ክፍሉ ይዘጋል። ውሸት ነው። ውሸቱ ግን አልጋውን ክፍት አድርጎ አቆየ።

በቀትር የት እንደነበሩ ጠየቃቸው። እዚሁ ነበርኩ አሉ፤ ለልዑካኑ ወረቀት ሳዘጋጅ። ቪኔሽ እስከ ስድስት ሰዓት አብሯቸው ነበር፤ ከዚያ ለምሳ ወጣ።

«ሎሳና ጥሩ ልጅ ናት» አሉ ማትሮን ሲለያዩ። «ደክሟት ነበር። የደከመ ሰው ሁለት ጊዜ ቢወጋ አይፈረድበትም።»

ሙኒሳሚ አመስግኖ ወጣ። በሩን ከዘጋ በኋላ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ።

ከሟቹ ትራስ ሥር ደብተር ተገኘ። የአስተማሪ ልማድ አይለቅም። መምህር ኔሚያ በየጠዋቱ የነርሶቹን ስም ጠርተው ምልክት ያደርጉ ነበር። ፕራሚላ፣ አለች። ሎሳና፣ አለች። ቪሊሲ፣ የለችም። አሥራ ዘጠኝ ጠዋት እንዲሁ። በመጨረሻው ገጽ ስለሌለችው ነርስ ለልዑካኑ የሚያነቡት ንግግር ተጀምሯል። ያ ንግግር ቢነበብ ማትሮን ከሥራቸው ይነሣሉ፤ ቪኔሽ መሳቂያ ይሆናል። ፕራሚላም ትጎዳለች። ሰኞ ወደ ሜልበርን ትበራለች፤ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤዋ ገና አልተፈረመም። በቀትርም ክፍሉ ውስጥ የነበረች ብቸኛ ነርስ እሷ ናት። መምህሩ ደብተሩን ለማንም አላሳዩም ነበር፤ የሚጽፉትን ግን ይናገሩ ነበር፤ ሲሬሊ እንኳ የንግግሩን መጀመሪያ በቃላቸው ይዘውታል።

ዓርብ ጠዋት ልዑካኑ ሌላ ሳምንት እንመጣለን ብለው ደወሉ። ሎሳና ስለታገደች የሷን አልጋዎች የሚይዝ ነርስ ጠፋ። ማትሮን ራሳቸው ሽርጥ አስረው ገቡ። ሙኒሳሚ ክፍሉ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ፕራሚላ ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ አየ። በወጋች ቁጥር በሩ አጠገብ ያለውን ሳጥን አልፋው እስከ ጠረጴዛዋ ትሄዳለች። እግሯ ለምዷል። አንዴም አልተሳሳተችም። ማትሮን ደግሞ ለአልጋ አሥራ ሁለት መርፌ ሰጡ፤ ሁለት እርምጃ ተራምደው ግድግዳው ላይ ባለው ሳጥን ጣሉት። በነርሶች መመሪያ መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ ከበሽተኛው በቅርብ ወዳለው። ጠቅ አለ።

አልጋ ስምንት ላይ ሲሬሊ የታሸገ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

ሙኒሳሚ ከዚያ ወደ ማዋለጃ ሄዶ የወሊድ መዝገብ አስወጣ። ቪኔሽንም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፤ ሰንጠረዡ ዝውውርን በየስንት ደቂቃው ይመዘግባል? በየሠላሳ ደቂቃው አለ ቪኔሽ። መሃል ላይ የሄደች ሁሉ እስከ ቀጣዩ ግማሽ ሰዓት መጨረሻ በነበረችበት ክፍል ትቆጠራለች፤ ሰንጠረዡ እንዲያምር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፈረቃ ሲቀየር፣ ሁሉንም፣ ነርሶች ዕቃቸውን በሚያስቀምጡበት ጠባብ ክፍል፣ ሰበሰባቸው። ማትሮን ቆሙ፤ ቪኔሽ ተቀመጠ። ፕራሚላ መስኮቱን ያዘች። ሎሳና በሩ ሥር ቦርሳዋን ይዛ ነበር፤ የሚወስዳት መኪና ውጭ ቆሟል። ሐኪሙም ነበረ።

ሙኒሳሚ ከሰንጠረዡ ጀመረ። በስድስት ሰዓት ከሩብ ሎሳና እዚህ ነበረች ይላል። የወሊድ መዝገቡ ግን በስድስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ወንድ ልጅ ተወለደ ይላል፤ የተጻፈው በሎሳና እጅ ነው። እናትየዋን ጠይቄአለሁ፤ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከአጠገቧ አልራቀችም፤ አንዴ ብቻ እዚያው ያለውን ስልክ አንስታ ተናግራለች። ስለዚህ ሎሳና የወጋችው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ወጋ።

ሎሳና ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ደብተሩን ሳገኝ ጥላቻ መስሎኝ ነበር» አለ። «የመምህሩን አፍ ሊዘጋ የፈለገ ሰው ፈለግኩ። አንድ ቀን አባከንኩ። አቶ ቪኔሽ፣ እርስዎን ቶሎ ተውኩዎት። የሌለችን ሴት ያለች መስሎት የምስጋና ወረቀት የጻፈላት ሰው በስሟ አይፈርምም።»

ፕራሚላ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ አፏን ያዘች። ቪኔሽ ወለሉን አየ።

ሙኒሳሚ ወደ ፕራሚላ ዞረ። በቀትር ክፍሉ ውስጥ እሷ ነበረች፤ ሰው ሁሉ እሷን ይጠረጥራል። ግን ፕራሚላ ክዳኑ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ኮሞዲኖው ላይ ብታየው ብልቃጡን አንብባ ትፈርም ነበር እንጂ አትወጋም። ሆን ብላ ልትገድል ብትፈልግም የቪሊሲን ስም በሰጪው ቦታ አትጽፍም፤ ይህ ክፍል ያን አያደርግም፤ የሰባት ወር ወረቀት አገላብጫለሁ፣ አንድም ቦታ የለም። መርፌውንም ግድግዳው ላይ ወዳለው ሳጥን አትጥልም።

«በዚያ ሳጥን ውስጥ ሁለት መርፌ አገኘሁ። አንደኛው ሎሳና ክዳኑ ላይ የተወችው ነው። ከክዳኑ አንስቶ የጣለው ሰው ነው ሁለተኛውን የወጋው። ከሳጥኑ ሥር ባለው ቆሻሻ ከረጢት ክዳኑም ነበር። ስምንት የነበረው ሰባት ሆኗል። ያ ሰው ክዳኑን ሲያይ ምልክት አላየም። ቆሻሻ አየ። ንጹሕ ሰው ስለሆነ አጸዳ። ወረቀቱን አየ፤ አልተፈረመም። የታዘዘውን ሰጠ። ሁሉንም በመጽሐፉ እንደተጻፈው አደረገ፤ ከፊርማው በቀር።»



«የቪሊሲን ስም የሚያውቅ፣ መርፌ መውጋት የሚችል፣ ግን ክዳኑን የማያውቅ። ይህን ክፍል ከቢሮ የሚያውቀው ሰው» አለ ሙኒሳሚ። «ማትሮን፣ ዛሬ ጠዋት ከሳጥኑ ፊት አየሁዎት።»

ማትሮን ሜሬዋሌሲ ሽርጣቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ልረዳ ነው የገባሁት አሉ። ሎሳና ማዋለጃ እንደሄደች ሰማሁ፤ ፕራሚላ ብቻዋን ናት፤ እሷም በሌላኛው ጫፍ ተይዛ አላየችኝም። ማትሮን አልጋ ከያዘች ግን ሰንጠረዡ ክፍሉን «ጎደሎ» ብሎ በቀይ ያወጣዋል፤ ልዑካኑ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው። ስለዚህ በራሴ ስም አልፈረምኩም። ቪሊሲ እዚያ ነበረች።

«‹ሌላ?› አሉኝ» አሉ ማትሮን። «መምህሩ። ‹ሌላ?› አሉኝ። ‹የታዘዘ ነው› አልኳቸው። ሸሚዛቸውን ገለጡልኝ።»

ሙኒሳሚ የመድኃኒት ወረቀቱን አጠፈ። «እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው» አለ። «አንድ ነገር ግን አላውቅም። መዝገብ የለውም፣ ምስክር የለውም። በሰባት ሰዓት ስልኩን ማን አነሳው?»

ሎሳና ፕራሚላን አየቻት። ፕራሚላ ራሷን ነቀነቀች። ከማትሮን በቀር ሊመልስ የሚችል አልነበረም፤ እምቢ ቢሉም የሚያስገድዳቸው አልነበረም።

«እኔ» አሉ ማትሮን።

ሐኪሙ ቀና አለ። በሰባት ሰዓት ስኳር ቢሰጣቸው ይድኑ እንደነበር ማንም አልተናገረውም፤ ማትሮን ራሳቸው ተናገሩት። ስልኩን ዘግቼ አልጋቸው ድረስ ሄድኩ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ተኝተዋል አልኩ። መተኛታቸው እንዳልሆነ እጄ ያውቅ ነበር፤ ግንባራቸውን አልነካሁም። ከነካሁ መናገር ይኖርብኛል። ማን ወጋ ሲባል እኔ፣ ቪሊሲ የታለች ሲባል የለችም፤ ክፍሉም ይዘጋል። በኋላ እመለሳለሁ ብዬ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ።

«ከዚያ እኔን ‹ደክሟት ነበር› አሉ» አለች ሎሳና።



ፕራሚላ መስኮቱን ለቃ መጥታ ሎሳና አጠገብ ቆመች። ትከሻቸው ተነካካ።

ማትሮን ለሙኒሳሚ፣ እንደ አገሩ የይቅርታ ወግ፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ከዘመዶቻቸው ጋር በሟቹ ቤተሰብ ደጅ መንበርከክ እንዳለባቸው ነገሩት። ይሄዳሉ አላቸው፤ መጀመሪያ ግን ከእኔ ጋር። ቪኔሽ በዚህ መሃል የዛሬውን ፈረቃ እንዴት ልሙላው ብሎ ጠየቀ፤ የቪሊሲን ስም ባነሳው ቦታው ባዶ ይሆናል።

«ባዶ ይሁን» አለ ሙኒሳሚ። «ባዶ ነው።»

ማትሮን ተነሡ። አንድ ነገር ለመኑ። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ አልጋ ይዘዋል፤ ሳያስረክቡ ከክፍሉ መውጣት አይችሉም። ለከሰዓቱ ፈረቃ የመጣችው አንዲት ነርስ ናት፤ ከማዋለጃ አልለቀቋትም። የሚረከብ ሰው የለም። ሙኒሳሚ በሩን አየ። ውጭ የቆመው መኪና ባዶውን ነበር።

ሎሳና ቦርሳዋን ከመሬት አንስታ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። የርክክብ ደብተሩን ከመደርደሪያ አወረደች። ብዕር ጠየቀች፤ ፕራሚላ ከኪሷ ሰጠቻት።

«እኔ እረከባለሁ» አለች።

ሎሳናና ማትሮን ጎን ለጎን ወደ አልጋዎቹ ወጡ። ሙኒሳሚ ሦስት እርምጃ ከኋላ ተከተለ። ማትሮን በዝቅተኛ ድምፅ እየተናገሩ ከአልጋ አልጋ ሄዱ፤ ይህ ትኩሳት አለው፣ ያኛው ሽንቱ ይለካ፣ አልጋ ስምንት ነገ ጠዋት ዓይናቸው ይፈታል። ሎሳና ጻፈች። በባዶው አልጋ ፊት ቆሙ። አንሶላው ተቀይሯል።

«አልጋ ዘጠኝ» አሉ ማትሮን። «ኔሚያ ራዲኒ፣ ስልሳ ስምንት ዓመት። የቀትር ኢንሱሊን በአምስት ሰዓት ከአርባ ተሰጥቷል፤ ሰጪ ሎሳና። በስድስት ሰዓት ከሩብ ተደግሟል፤ ሰጪ ሜሬዋሌሲ። በሰባት ሰዓት ሜሬዋሌሲ ታውቃለች። ምንም አልተደረገም። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሞተዋል።»

የሎሳና ብዕር ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ቃል በቃል ጻፈችው። ደብተሩን አዞረችላቸው፤ ማትሮን በሰጪው ቦታ ስማቸውን ፈረሙ። ሎሳና አነበበችው፣ በአረጋጋጩ ቦታ የራሷን ፈረመች።

ከወዲያኛው በኩል አንድ ሰው ውሃ ጠየቀ።

«ቀጥሉ፣ ማትሮን» አለች ሎሳና። «አልጋ አሥር።»